ኑድል፣ የተጠበሰ ሩዝ፣ ቢርያኒ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የት ይበላል?

የቦሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ኮምቦልቻ ገብቼ ከተማዋን እየለመድኩ ነው። ሙቀቱ ተስማምቶኛል፣ ሰዉም ሸጋ ነው። የቀረብኝ አንድ ነገር ነው፤ የእስያ ምግብ። አዲስ አበባ እያለሁ ከሥራ ስንወጣ ከጓደኞቼ ጋር ኑድል፣ የተጠበሰ ሩዝ፣ ሲያሻን ደግሞ የህንድ ካሪ እንበላ ነበር። ትልቅ ሆቴል አይደለም የምላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ የተነጠፈበት፣ ሳህኑ ተቆልሎ የሚመጣበት የሰፈር ቤት ነው።

እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ቻይናዎች ወጣ ገባ ይላሉ፣ መቼም አንድ ሁለት ቤት አይጠፋም ብዬ ነበር። እስካሁን ያጋጠመኝ ስፓጌቲ በጥቅል ጎመን ነው። ሜኑው ላይ «ቻይኒዝ ኑድል» ተብሎ ተጽፏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ስለምወጣ የደሴንም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ሶያ ሶስና ባስማቲ ሩዝ የሚገዛበትንም ጭምር። እኔ ጾመኛ ነኝ። አብራኝ የምትበላው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። ዘንድሮ ሑዳዴና ረመዳን ተከታትለው ስለገቡ ሁለታችንም ግራ ገብቶናል።

ገራዶ፦
ስፓጌቲውስ ደህና ነው። እኔ የደረሰኝ ኬቻፕ የፈሰሰበት ነበር። አስተናጋጁን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ስፔሻል ነው» አለኝ።

ቦርከና ዳር፦
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ቻይና ያለበት ከተማ የቻይና ምግብ ቤት አያጣም የሚለው አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። እኛ ጋ አልሠራም። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ላይ ነው፣ የገነባውም የቻይና ኩባንያ ነው። ያኔ እኛም እንዳንቺው አስበን ነበር። ሰዎቹ ግን የሚኖሩት ካምፕ ውስጥ ነው። ወጥ ቤታቸው እዚያው፣ ወጥ ሠሪያቸውም የራሳቸው። ሩዙም ሶሱም በካርቶን ይገባላቸዋል። ወጥተው የሚበሉት የራሳቸው ምግብ ሲሰለቻቸው ነው፤ ሲወጡ ደግሞ ጥብስ ነው የሚያዙት። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን ባቡር መስመር የሠሩት ቱርኮችም እንዲሁ ነበሩ።

ከካምፕ ወደ ከተማ የወጣ ነገር ካለ የእኛው ልጆች እጅ ነው። ሽንኩርት እየላጡ ጀምረው ኋላ መጥበሻ የጨበጡ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ በየትንንሹ ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። ስለዚህ ታፔላ አትዪ። ገብተሽ «ወጥ ቤት ያለው ልጅ የት ነው የተማረው?» ብለሽ ጠይቂ። «ካምፕ» ካሉሽ ተቀመጪ። «ዩቲዩብ» ካሉሽ ሽሮ እዘዢ።

ሌላው ነገር የ2014ቱ ጦርነት ነው። ከተማው ሲዘረፍ የተዘጉ ትንንሽ ቤቶች ብዙዎቹ ዳግም አልተከፈቱም። ከዚያ በፊት የበላ ሰው «እዚህ ጋ አለ» ቢልሽ ሳታጣሪ ባጃጅ አትያዢ።

ከጅዳ መልስ፦
እናንተ ልጆች፣ እስያ ማለት ቻይና ብቻ ናት ያላችሁ ማነው? ሳዑዲ የት ነው ያለችው? የመንስ? ህንድስ? ወሎ ውስጥ አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት እስቲ ፈልጋችሁ አምጡ!

እኔ ጅዳ ማዳም ቤት ስሠራ አብራኝ የነበረችው ልጅ ኢንዶኔዥያዊት ናት። ሾፌሩ ህንዳዊ ነው። ካብሳን ከማዳም፣ ቢርያኒን ከሾፌሩ፣ ናሲ ጎሬንግ የሚሉትን የተጠበሰ ሩዝ ደግሞ ከልጅቷ ተምሬ ነው የመጣሁት። እንደኔ ያለች ሴት ደሴ ውስጥ በየሰፈሩ አለች። አንዳንዷ ቤት ከፍታለች። አንዳንዷ ከቤቷ ሆና በትእዛዝ ትሠራለች፣ ሰርግና አቂቃ ሲኖር ትጠራለች። ይህን ሁሉ ትተሽ ኮምቦልቻ ላይ ስፓጌቲ መብላትሽ አሳዘነኝ የኔ እህት።

ሸዋ በር አካባቢ ወይም አራዳ ገብተሽ ቅመም የሚሸጡትን ሴቶች ጠይቂ። ሄልና ቅርንፉድ ማን አብዝቶ እንደሚገዛቸው ያውቃሉ። ቢርያኒ የምትሠራዋን የሚያሳዩሽ እነሱ ናቸው። አንቺ የምትፈልጊው በግርግዳ ላይ የተሳለ ዘንዶ ከሆነ ግን እሱን አላውቅም።

ገራዶ፦
ቆይ፣ በዚህ ሒሳብ ቱርክም እስያ ልትሆን ነው? ሻዋርማ በልቼ «የእስያ ምግብ በላሁ» ልበል?

ቦርከና ዳር፦
አብዛኛው የቱርክ መሬት እስያ ውስጥ ነው። በል፣ ማንም አይከለክልህም።

የቦሌዋ፦
ከጅዳ መልስ፣ አንጀቴን አራስሽው! እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። ካብሳ፣ መንዲ፣ ቢርያኒ ሲሉኝ ለኔ ሁሉም ቢጫ ሩዝ ነው። ሳዝ በምን ልለየው? ቢጫ ቀለም ነስንሰው የሚያቀርቡም አይጠፉም።

ከጅዳ መልስ፦
አብሽሪ፣ ቀላል ነው።

ካብሳ የሳዑዲዎች ነው። ሥጋው መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ሩዙ በዚያው መረቅ ይበስላል። ቲማቲም፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና የደረቀ ጥቁር ሎሚ ይገባበታል። ሎሚው ነው ጣዕሙን የሚሰጠው። እሱ ከሌለ የሥጋ ሩዝ ነው፣ ካብሳ አይደለም።

መንዲ የየመን፣ የሐድረመውት ነው። መሬት ተቆፍሮ በተሠራ ምድጃ ሥጋው ከላይ ሆኖ ይበስላል፤ ስቡ እየተንጠባጠበ ሩዙ ላይ ይወርዳል። ጢሱ ካልሸተተሽ ምድጃ አላየም ማለት ነው።

ቢርያኒ ሲመጣልሽ ሩዙን አስተውዪ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ከሆነ ቀለም ተነስንሶበታል። ነጭ፣ ቢጫና ቡናማ ተደባልቆ ነው መታየት ያለበት። ምክንያቱም ሥጋው በእርጎና በቅመም ታሽቶ ያድራል። ሩዙ ለብቻው በጨው ውሃ ግማሽ ሲበስል ይጠለላል። ከዚያ ድስቱ ውስጥ ሥጋው ከታች፣ ሩዙ ከላይ ይነጠፋል። በወተት የተዘፈዘፈ ሳፍሮን፣ ከሌለም እርድ፣ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ይደረግበታል እንጂ አይማሰልም። የድስቱ አፍና ክዳኑ በሊጥ ይታሸጋል። ለስለስ ባለ እሳት ይቀመጣል፣ ከላይም ፍም ይደረግበታል። ሊጡ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ያኔ ነው የሚከፈተው። የሚጨለፈው ደግሞ ከዳር ወደ ታች ነው፣ ሁሉም ሰው ከሥጋውም ከሩዙም እንዲደርሰው። በትልቅ ማንኪያ ሲያማስሉት ካየሽ ሩዙን ሰባበሩት ማለት ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ማሻአላህ። አሁን በዚህ ሰዓት ይሄ ይጻፋል? አፍጥር ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል።

ጦመኛው፦
የቦሌዋ፣ ያንቺና የጓደኛሽን ነገር እኔ እመልሳለሁ፤ እኔና የሥራ ባልደረባዬም እንደናንተው ነን። ወሎ ላይ ሥጋው «የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ አስተናጋጁ ራሱ ቀድሞ ይነግርሻል። ሁለት ሃይማኖት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አትክልቱ ይገላግላል። ግን የእስያ ምግብ ላይ «አትክልት ነው» ስላሉሽ ብቻ የጾም አይሆንም። እኔ የምጠይቀው እነዚህን ነው።

ኑድሉ እንቁላል አለው ወይ? ቢጫው ኑድል ብዙ ጊዜ የእንቁላል ነው። የሩዝ ኑድል ከሆነ ንጹሕ ነው። የህንድ ከሆነ ቅቤና እርጎ። ምስሩ ላይ እንኳ ቅቤ ያንቆረቁሩበታል። የቻይና ከሆነ ኦይስተር ሶስ። እሱ ከባሕር ቅርፊት እንስሳ የሚሠራ ነው፤ ዘሌዋውያን 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር አትብሉ ይላል፣ ስለዚህ ለኛ ከነጭራሹ አይሆንም። የታይላንድና የቬትናም ከሆነ የዓሣ ሶስ፣ ጨው ውስጥ ተቀምጦ ከፈላ ዓሣ የሚወጣ። ከሁሉም የሚረሳው ደግሞ የዶሮ መረቅ ዱቄቱ ነው። ወጥ ሠሪው እሱን ቅመም ነው ብሎ ስለሚያስብ «ሥጋ የለበትም» ይልሻል፣ ከልቡ ነው።

ለጓደኛሽ ደግሞ፣ የአሳማ ስብና የሩዝ ወይን። ቻይናዎች በሁለቱም ያበስላሉ። አሳማው ለኛም ያው ነው፣ እዚህ ላይ ከሙስሊሙ ጋር አንድ ነን።

ሰኞ ገበያ፦
ሶያ ሶሱን ጨምርበት። ባህላዊው ከሶያ፣ ከስንዴና ከጨው ለወራት ተብላልቶ ስለሚሠራ በራሱ ትንሽ አልኮል ይፈጥራል። እኛ ውስጥም አንድ ዓይነት አስተያየት የለም። እኔ ጣጣ አልወድም፣ ጠርሙሱ ላይ የሐላል ማኅተም ያለበትን ነው የምገዛው። ለጾመኛው ግን ሶያ ሶስ ምንም የለበትም።

ገራዶ፦
አጂኖሞቶስ፣ ለጣዕም ብለው የሚነሰንሱት ነጩ ዱቄት? እሱ እኮ መርዝ ነው ይላሉ።

ቡታጋዝ፦
ወጥ ቤት ነው የምሠራው፣ ልመልስ። አጂኖሞቶ በ1908 ኪኩናዬ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ምሁር ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ ያወጣው ጨው ነው። ዛሬ ከሸንኮራ አገዳና ከበቆሎ በማብላላት ይሠራል። ያው ንጥረ ነገር ቲማቲም ውስጥም አለ። መርዝ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ሁሉንም ነገር በሱ ይሸፍናል። ምግቡ ከአፍሽ ሳይጠፋ ውሃ ውሃ የሚያሰኝሽ ከሆነ አጂኖሞቶም ጨውም በዝቶበታል።

እዚህ ከተማ የተጠበሰ ሩዝ ለምን እንደማይሳካ ላውራ፣ ሆዴን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ትኩስ ሩዝ መጥበሻ ላይ ይጥላሉ፣ ገንፎ ይሆናል። ሩዙ ቀድሞ መብሰል፣ ትሪ ላይ ስስ ተደርጎ ተነጥፎ ቶሎ መቀዝቀዝ፣ ፍሪጅ ማደር አለበት። በማግስቱ ፍሬ በፍሬ ይለያያል። መጥበሻው እስኪጨስ ይግላል። ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት ሰው የሚሆን ብቻ ነው የሚገባው፤ ካበዛሽበት እሳቱ ይሸነፍና መጥበሱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ መጨረሻ የባሮ ሽንኩርት። ሶያ ሶሱ ሩዙ ላይ አይፈስም፤ በመጥበሻው ጠርዝ ዞሮ ይፈስና እዚያው ጭስ ብሎ ነው ከሩዙ ጋር የሚገናኘው። የሬስቶራንቱ ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው።

«ፍሪጅ ማደር» ያልኩትን አደራ። የበሰለ ሩዝ ውጭ ካደረ ባክቴሪያ ያፈራል፣ የሚተፋውን መርዝ ደግሞ እንደገና መጥበስ አያጠፋውም። ደሴ ብርድ ስለሆነ አይበላሽም የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ይበላሻል። ኮምቦልቻማ አይነሣ። መብራት የጠፋ ሌሊት የማግስቱን የተጠበሰ ሩዝ አትዘዙ።

የቦሌዋ፦
ቡታጋዝ፣ የት ነው የምትሠራው? መጥቼ ልብላ!

ቡታጋዝ፦
እኔ የምሠራበት ቤት ሜኑው ላይ ሩዝ በአትክልትና ክትፎ ነው ያለው። ባለቤቱ ሰው አይለምደውም አለኝ። አንዳንዴ ለሠራተኞቹ እሠራለሁ፣ እነሱ ይጨርሱታል።

ሐይቅ ዳር፦
ዓሣ ሳይነሣ ይሄ ክር አያልቅም። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቆሮሶው ከሐይቁ ወጥቶ ቶሎ ይደርሳችኋል። ሁሉም ሰው ዘይት ውስጥ ነክሮ አድርቆ ነው የሚያቀርበው። ቻይናዎች ሙሉውን ዓሣ በእንፋሎት ነው የሚያበስሉት። ጎኑን ሁለት ሦስት ጊዜ በቢላ ሰንጥቃችሁ ዝንጅብል በቀጭኑ ትወትፋላችሁ፣ በእንፋሎት ታበስላላችሁ። ከዚያ የባሮ ሽንኩርት ከላይ በትናችሁ የጋለ ዘይት ታፈሱበታላችሁ፤ ሲንሾሸሽ ትሰማላችሁ። መጨረሻ ሶያ ሶስ። ቆሮሶ ቅርፊት ስላለው ጦመኛው የጠቀሰውን ዘሌዋውያንን ያልፋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ እሱን ተጠንቀቁ።

ጦመኛው፦
በሑዳዴ ግን ዓሣ...

አስተባባሪ፦
ዓሣ በሑዳዴ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ እንዳይጀመር። ያለፈውን ዘግተን የወጣነው በስንት መከራ ነው። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ሰኞ ገበያ፦
ወደ ገበያው እንሂድ። ባስማቲ ሩዝ ደሴም ኮምቦልቻም ትልልቅ ሱቆች ውስጥ አለ። ከረጢቱ ላይ ህንድ ወይም ፓኪስታን መባሉን እዩ። ሰላ የሚባለው ወርቃማ መልክ ያለው አለ፤ ከነገለባው በእንፋሎት ያለፈ ስለሆነ ፍሬው አይሰበርም። ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይዘፍዘፍ። ሶሶችና ካሪ ዱቄት ብዙ ጊዜ በሻንጣ ንግድ ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ የማብቂያ ቀኑን ሳያዩ አይገዛም። ከእሽጉ ተገልብጦ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ካሪ ይሸጣሉ። እሱን አልነካም፤ እርድና ጨው ብቻ ሆኖ ያገኘሁት አለ።

ቀኑ ለገጠመው ባቲ ሰኞ ገበያ ይውረድ። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው ስለሆነ የባሕር ማዶ ዕቃ አይጠፋም። ሄድ ካላችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ፀሐዩ አይቻልም።

ደግሞ የረመዳንን ሳንቡሳ አትርሱ። ከምሥር ሳንቡሳው ሌላ አንድ ጥቅም አለው። ለሳንቡሳ የሚዳመጠውን ስስ ቂጣ ለብቻው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ጥቅል ጎመንና ካሮት በሶያ ሶስ ጠብሳችሁ በሱ ብትጠቀልሉትና ብትጠብሱት የቻይናዎቹ ስፕሪንግ ሮል ነው። ዱቄትና ውሃ ያው ዱቄትና ውሃ ነው። ለአንድ ጾመኛና ለአንድ ጿሚ ከዚህ የተሻለ የማፍጠሪያ እራት አላውቅም።

ጦመኛው፦
ይሄ ጥሩ ነው። ቶፉንም ልጨምር። ከሱቅ አላገኘሁም፣ ቤታችን ግን እንሠራዋለን። ሶያ አሳድራችሁ ትዘፈዝፋላችሁ፣ ከውሃ ጋር ትፈጫላችሁ፣ በንጹሕ ሻሽ ታጠልላላችሁ። ወተቱ በደንብ፣ በደንብ ይፍላ፤ ጥሬ ሶያ ሆድ ያውካል። ከዚያ ከእሳት አውርዳችሁ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ እያደረጋችሁ በቀስታ ታዞራላችሁ። እንደ አይብ ይቋጠራል። በሻሹ ጠቅልላችሁ ድንጋይ ትጭኑበታላችሁ። ሲጠነክር በካሬ ቆርጣችሁ ጥበሱት፣ አዋዜና ሶያ ሶስ አዋህዳችሁ አልብሱት። አዋዜው የኔ ፈጠራ ነው፣ ቻይናዎቹ ይቅር ይበሉኝ።

የቦሌዋ፦
አዋዜ በሶያ ሶስ! ይሄንን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኮምቦልቻ ላይ ሩዝ ደህና ይወጣልኛል። ደሴ እህቴ ቤት በዚያው ልክ፣ በዚያው ሰዓት ስቀቅል ውስጡ ጥሬ ይሆናል። እሳቱ ነው?

ቡታጋዝ፦
ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ይደርሳል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ ለሩዝ ግን ትንሽ አይደለችም። እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ደሴ ላይ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ውሃውን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ክዳኑን አትክፈቺ፣ ካወረድሽውም በኋላ ከነክዳኑ አስር ደቂቃ ይቀመጥ። ደረቅ ኑድልም እንዲሁ ነው፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ይጨመርበታል።

ገራዶ፦
ታዲያ ፕሬዠር ድስት አይሻልም? እኛ ባቄላውንም ሥጋውንም በሱ ነው።

ቡታጋዝ፦
ለነጭ ሩዝ ይሻላል፣ ለካብሳም ሥጋውን ቀድመህ በሱ ብትቀቅል ጋዝ ይቆጥብልሃል። ለቢርያኒ ግን አልመክርም።

ከጅዳ መልስ፦
አይሆንም! ቢርያኒ በፕሬዠር ሲሠራ አይቻለሁ፣ ሩዙ ቦክቶ ነው የወጣው። ሊጡ የሚታሸገው እንፋሎቱ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ነው፣ በኃይል እንዲጨቁነው አይደለም። የቦሌዋ፣ ለቅዳሜ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ለአንቺ በእርጎው ፈንታ በሎሚና በዘይት፣ ድንችና ሽምብራ አድርጌ ለብቻ ድስት እሠራልሻለሁ፣ ለጓደኛሽ በሥጋ። ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ሰው ጨምሩ። እስከ ሐሙስ ማታ ቁጥሩን ካላሳወቃችሁኝ ሥጋ አልገዛም።

ቡታጋዝ፦
ሁለት ሰው ጨምሪ። ሶያ ሶስና መጥበሻ ይዤ እመጣለሁ።

ሰኞ ገበያ፦
ከአፍጥር በኋላ ከሆነ እኛም አለን። ወደ ኮምቦልቻ የምትመለሱ ግን ሐረጎ ላይ ጉም አለና መኪናችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ በዚያ ሰዓት ሚኒባስ አይገኝም።